የቫኪዩም ጌጅ ለአሮጌ ኮሮላ፦ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይነበባል?

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ቫኪዩም ጌጅ ይባላል። ክብ ፊት፣ አንድ መርፌና አንድ የጎማ ቱቦ ያለው መለኪያ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ማኒፎልዱ ውስጥ (አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ ነው) የሚፈጠረውን የመምጠጥ ኃይል ይለካል። ባትሪ የለውም፣ ስክሪን የለውም፣ ከስልክ ጋር አይገናኝም። መርካቶ፣ የመኪና መሣሪያ ከሚሸጡት ሱቆች ነው የገዛሁት። ዋጋው አንድ ታንክ ቤንዚን ከሚሞላበት ያንሳል። መኪናዬን ግን ሞተሯ ያለ አግባብ ከመፈታት አድኗታል። ስለዚህ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ጉድለትም አለው፣ እሱንም አልደብቅም።

መኪናዬ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1995 ኮሮላ ናት። ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ነው፤ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ። ኢንጀክሽን ናት፤ ግን ዲስትሪቢዩተርና የካንዴላ ገመድ ያላት የድሮ ኢንጀክሽን። ማርሿ ማኑዋል ነው። እንዲህ ዓይነት መኪና የምትነዱ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ችግሯ ይህ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ደህና ናት። ከኮተቤ ተነስቼ ላምበረት እስክደርስ ምንም አይሰማኝም። ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ነው ጣጣው የሚጀምረው። መገናኛ አካባቢ መንገዱ ተዘጋግቶ ፍሪሲዮን ረግጬ ስቆም መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። የፊት መብራት ወይም ማራገቢያ ከከፈትኩማ ድርግም ብላ ትጠፋለች። ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩንባውን ይለቀዋል። ነዳጅ ስሰጣት ግን ወዲያው ትስተካከላለች። ዳገት ላይም አቅም አላጣችም። ስትሞቅ ብቻ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ ሲዞር) ብቻ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ካንዴላ ቀየረ፣ የነዳጅ ፊልትሮ ቀየረ፣ ትሮትሉን (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋውን በር) አጠበ። ይህ ተገቢ ነው። አሮጌ መኪና ሲንቀጠቀጥ ከርካሹና ከቀላሉ መጀመር ትክክል ነው፣ በዚህ ቅሬታ የለኝም። ያናደደኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። አልስተካከል ስትለው በካቻቪቴ የሚኒሞ ብሎኗን አዞረና ሞተሩን በደቂቃ ወደ 1,200 ዙር ከፍ አደረገው። "በቃ እህቴ፣ ከእንግዲህ አትጠፋም" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። እውነትም አልጠፋችም። ግን መንቀጥቀጡ አለ፣ ቤንዚኑም ጨመረ። የዚህ ሞተር ሚኒሞ ከ700 እስከ 800 ዙር መካከል ነው መሆን ያለበት። ከዚያ በላይ ካልሆነ የማይቆም ሞተር አንድ ነገር ጎድሎታል ማለት ነው። ሚኒሞ ከፍ አድርጎ መኪና መመለስ በእኔ እምነት ጥገና አይደለም። ችግሩን ከባለቤቱ ዓይን መደበቅ ነው፤ የተደበቀው ነገር ደግሞ ውስጥ ውስጡን ሞተሩን ይበላዋል።

ሁለተኛው ጋራዥ ነው ቫኪዩም ጌጅን ያሳየኝ። መካኒኩ ቱቦውን ሰካ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ መርፌዋ 12 አካባቢ መጣች፤ መለኪያው የሚቆጥረው ኢንች ሜርኩሪ በሚባል የግፊት መለኪያ ነው። የመለኪያው ፊት ላይ ከ17 እስከ 21 ያለው በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ጤነኛ ሞተር ማለት ነው። ከዚያ በታች ያለው የብልሽት ስም የተጻፈበት ነው። ሰውየው ወደ ቁጥሩ ጠቆመና "ሞተሩ ተበልቷል፣ መውረድ አለበት" አለኝ። የጠራልኝን ዋጋ እዚህ አልጽፈውም፤ የመኪናዋን ዋጋ አንድ ትልቅ ቁራጭ ይወስዳል።

እኔ ነርስ ነኝ። መርፌ ያለው መለኪያ ሳነብ ነው የምውለው። የደም ግፊት ስለካ ቁጥሩን ብቻ አላይም፤ መርፌዋ እንዴት እንደምትመታም አያለሁ፣ ሰውየው ማን እንደሆነም እጠይቃለሁ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ያየሁት መርፌዋ 12 ላይ መሆኗን ብቻ አልነበረም። ትመታ ነበር። በየተወሰነ ጊዜ ጭርጭር እያለች ወደ ታች ትወርድና ትመለሳለች። ስለዚያ ምት ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም። መኪናዬን ይዤ ወጣሁ፣ መለኪያውን ለራሴ ገዛሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ይህን መለኪያ አዲስ አበባ ላይ የሚጠቀም ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ፊቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ቀለም ለባሕር ዳርቻ የተቀባ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ብትለኩ ትክክል ነው። እዚህ ግን አይደለም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ጠለል ላይ 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ግፊቱ 22 ተኩል ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ሞተር በሚኒሞ ሲሠራ ማኒፎልዱ ውስጥ የሚቀረው ግፊት 10 ኢንች አካባቢ ነው እንበል። መለኪያው የሚያሳየው የውጭውንና የውስጡን ልዩነት ነው። ከ30 ላይ 10 ሲቀነስ 20 ይቀራል። ከ22 ተኩል ላይ 10 ሲቀነስ ደግሞ 12 ተኩል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። በደምሳሳው በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ይቀነሳል ብላችሁ ያዙ። እንጦጦ ላይ ብትለኩ ከ12ም ይወርዳል።

ይህን በራሴ መኪና አረጋግጫለሁ። ቤተሰብ ልጠይቅ አዳማ ስወርድ መለኪያውን ይዤ ሄድኩ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ ሰክቼ ሳየው መርፌዋ ወደ 14 ወጣች። ሞተሩን ማንም አልነካውም። ስለዚህ እኛ ከተማ ውስጥ መርፌዋ 12 ላይ ስለቆመች ብቻ "ሞተር ይውረድ" የሚል ሰው ቢገጥማችሁ በትሕትና አመስግናችሁ ቁልፋችሁን ተቀበሉ።

ታዲያ ቁጥሩ ካልሆነ ምን እንየው? የመርፌዋን እንቅስቃሴ። ይህ መለኪያ ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው፤ በዚህ ደግሞ ከፍታ አያታልለውም።

መርፌዋ 12 አካባቢ ቀጥ ብላ ከቆመች ደግ ነው። ቀጥ ብላ ቆማ ግን ከከተማችን ልክ በሦስትና በአራት ኢንች ዝቅ ካለች፣ የካንዴላው እሳት ዘግይቷል ወይም የታይሚንግ ቺንጋው አንድ ጥርስ ዘሏል ብላችሁ ጠርጥሩ። የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) አየር ሲያስገባም እንዲህ ይሆናል። ቀስ እያለች ወዲህና ወዲያ የምትዋልል ከሆነ የነዳጅና የአየሩ ድብልቅ አልተስተካከለም። ሞተሩን 2,500 ዙር አካባቢ ይዛችሁት መርፌዋ መጀመሪያ ቆማ ከዚያ ቀስ በቀስ የምትወርድ ከሆነ ማርሚታው ወይም ካታሊስቱ ተደፍኗል፤ ጭሱ መውጫ አጥቷል። በእኩል ጊዜ እየቆጠረች ወደ ታች የምትመታ ከሆነ ግን ነገሩ ከአንድ ሲሊንደር ነው። የእኔዋ ይህቺ ነበረች።

ሰፈራችን ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቶዮታ ላይ ነው የሠሩት። ኮፈኑን ከፍቼ "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን መርፌ ይዩልኝ" አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ትንሽ ዝም አሉ። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ፣ ዓይናቸውን ወደ መርፌዋ። "ልጄ፣ አየሽ አይደል? በአንድ ልክ ነው የምትመታው። አንዱ ተኝቷል። የትኛው እንደሆነ እንፈልገው።"

ፍለጋው ደስ የሚል ሥራ ነው። ብዙ ሰው የካንዴላ ገመድ እየነቀለ ነው የሚሞክረው። ጋሼ ይህን አይወዱም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፣ ሰውንም ይመታል፣ ቦቢናም ይጎዳል። በየሲሊንደሩ ነዳጅ የሚረጨውን የኢንጀክተሩን ሶኬት አንድ በአንድ ነቀሉ። አንደኛውን ሲነቅሉ ሞተሩ ወረደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አራተኛውም። ሦስተኛውን ሲነቅሉ ግን ለውጡ እምብዛም አልነበረም። ቀድሞውንም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ቀጥለው የሦስተኛውን ካንዴላና ገመድ ከሁለተኛው ጋር አቀያየሩ። ችግሩ ካንዴላው ወይም ገመዱ ቢሆን ወደ ሁለተኛው ይሻገር ነበር። አልተሻገረም፤ ሦስተኛው ላይ ቀረ። አዲስ ነገር ሳይገዛ፣ ባለው ብቻ አንድን ጥርጣሬ መዝጋት እንዴት ደስ እንደሚል።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት፣ ተለካ፣ ሞተሩ ትኩስ እያለ። ሦስቱ ሲሊንደሮች 140 ፒኤስአይ (ሌላ የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ተቀራርበው መጡ። ሦስተኛው 105። እዚህም ላይ የከፍታውን ነገር አትርሱ። የቶዮታ መጽሐፍ ለዚህ ሞተር 191 ይላል፤ ከታች ደግሞ 142 ላይ ይገድባል። በመጽሐፉ ከሄዳችሁ አራቱም ሲሊንደሮች ወድቀዋል። በአዲስ አበባ አየር ግን 140 ጤነኛ ነው። መታየት ያለበት በመካከላቸው ያለው ልዩነት ነው፤ መጽሐፉም ልዩነቱ ከ14 ፒኤስአይ እንዳይበልጥ ነው የሚፈልገው።

ጠዋት ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ የቫልቩ ክዳን ተከፈተ። ጋሼ ቀጫጭን የብረት ምላጮች ያሉት የክፍተት መለኪያቸውን ይዘው መጡ። በዚህ ሞተር የጭስ ማውጫ ቫልቮች ክፍተት (በቫልቩና ቫልቩን በሚገፋው ካም ሻፍት መካከል ያለው) በቀዝቃዛ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር ነው። ከስምንቱ ሰባቱ ደህና ነበሩ። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ አንደኛው ግን በጣም ቀጭኗን ምላጭ እንኳ አላስገባም። ክፍተት የለውም።

አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ቫልቭ በዘመን ብዛት ወንበሩን እየበላ ወደ ላይ ይገባል፤ ክፍተቱም እየጠበበ ይሄዳል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ቀዝቃዛ ሳለ ለጥቂት የሚዘጋው ቫልቭ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መዝጋት ያቅተዋል፣ ኮምፕሬሽኑ ይሾልካል። ጠዋት ደህና የነበረችው መኪና መገናኛ ላይ የምትንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ደግሞ ለመሹለክ ጊዜ አይገኝም፤ ነዳጅ ስሰጣት የምትስተካከለውም ለዚህ ነው። በሚኒሞ ላይ ሁሉም ነገር ይጋለጣል። ለዚህ ነው ሚኒሞ ከፍ አድርጎ ማለፍን አጥብቄ የምቃወመው። ቫልቩ በዚያ ሁኔታ ትንሽ ጊዜ ቢቆይ ይቃጠል ነበር። ያኔ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) መውረዱ አይቀርም።

መድኃኒቱ ቫልቩ ራስ ላይ የምትቀመጥ ክብ የብረት ንጣፍ ናት፣ ሺም ይሏታል። ውፍረቷ በ0.05 ሚሊሜትር እየተለያየ ነው የሚመጣው። የእኛዋ 2.80 ነበረች፤ የፈለግነው 2.55። አዲሱን አላገኘሁም። ሶማሌ ተራ ሄጄ የተበተኑ ሞተሮች ካሉበት ሱቅ ጠየቅኩ። ልጁ በቆርቆሮ ሙሉ ሺም አውጥቶ "እህት፣ የፈለግሽውን ምረጪ" አለኝ። መለኪያ ይዤ ስለሄድኩ አንድ በአንድ ለክቼ አገኘኋት። ሶማሌ ተራን ለዚህ ነው የምወደው፤ ምን እንደምትፈልጉ በቁጥር ካወቃችሁ የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው።

ሺሟ ገባች፣ የክዳኑ ጓርኒሲዮን ተቀየረ፣ ሚኒሞው ወደ 750 ዙር ተመለሰ። መርፌዋ 12 ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ያው 12፣ "ሞተሩ ተበልቷል" የተባለበት ቁጥር። ምቱ ግን የለም።

ስለ ኮምፒውተር ምርመራ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። ኢኤልኤም 327 የሚባለው፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኘው አንባቢ ለአዳዲሶቹ መኪኖች ጥሩ ነው። በእኔ መኪና ላይ ግን መሰኪያው ራሱ የለም፤ የ1995 ኮሮላ ከዚያ ሥርዓት በፊት የተሠራች ናት። ገንዘባችሁን እንዳታባክኑ። ለዚህች መኪና የሚያስፈልገው አንዲት አጭር ሽቦ ናት። ኮፈኑ ሥር ዲያግኖሲስ የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗን ከፍታችሁ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በሽቦ ታገናኛላችሁ፣ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ትከፍታላችሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር መብራት ብልጭ ብልጭ እያለች ትናገራለች። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብላ፣ ትንሽ አርፋ፣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ካለች 22 ነው፤ የውኃ ሙቀት ሴንሰር። 31 ከሆነ የማኒፎልድ ግፊት ሴንሰር፣ 41 ከሆነ የትሮትል ሴንሰር። ሳታቋርጥ በእኩል ብልጭታ ከቀጠለች የተመዘገበ ስህተት የለም ማለት ነው። የእኔዋ በእኩል ነበር ያለችው። ትክክል ነበረች፤ ኮምፒውተሩ የቫልቭ ክፍተት የሚያይበት ዓይን የለውም። መለኪያው የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

ወደ ዕቃው ጉድለት እንምጣ። ትልቁን ተናግሬያለሁ፣ ቀለሙ ለእኛ ከፍታ አይሆንም። እኔ ከ11 እስከ 13 ባለው ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ሁለተኛ፣ አብረው የሚመጡት የፕላስቲክ ማያያዣዎች ላላ ያሉ ናቸው። ከጎናቸው አየር ከገባ መለኪያው ራሱ ያልነበረ ብልሽት ይፈጥርላችኋል፤ ትንንሽ የቱቦ ማሰሪያ ጨምራችሁ ግዙ። ሦስተኛ፣ መርፌዋ በጣም ነው የምትፈጥነው። ጤነኛ ሞተር ላይ እንኳ ትንሽ ትርገበገባለች። ቱቦውን በጣት ቆንጠጥ ስታደርጉት ትረጋጋለች፤ ግን አብዝታችሁ ከቆነጠጣችሁ የምትፈልጉትን ምት ታጠፉታላችሁ።

አራተኛው ጥንቃቄ ነው። ብዙዎቹ መለኪያዎች በሌላ በኩል እስከ 10 ፒኤስአይ የሚደርስ የግፊት መስመር አላቸው፤ "ለነዳጅ ፓምፕ" ይላል። እሱ ለካርቡራተር መኪና ፓምፕ ነው። የኢንጀክሽን መኪና ነዳጅ ግፊት 40 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። በዚህ መለኪያ ለመለካት ብትሞክሩ ዕቃው ይሰበራል፣ ከዚያም የከፋው ቤንዚን ትኩስ ሞተር ላይ ይረጫል። በፍጹም አታድርጉት።

የት ይሰካ? እኔ ወደ ነዳጅ ግፊት ማስተካከያው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቅዬ በሦስት አፍ ማያያዣ መሃል አስገባሁት። ያን ቱቦ ስትነቅሉ አሽትቱት። ውስጡ ቤንዚን ካለ ማስተካከያው ተቀዷል፤ እሱ ራሱ ሚኒሞ ያበላሻል። በፍሬን ሰርቮ ቱቦ የምትሰኩ ከሆነ ደግሞ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ቫልቭ ሳይደርስ፣ በሞተሩ በኩል ይሁን። ከቫልቩ ማዶ ከሰካችሁት መርፌዋ ወጥታ ትቀራለች፣ ምንም አትነግራችሁም።

ሱቅ ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ምንም ሳይሰካ መርፌዋ ዜሮ ላይ ማረፏን እዩ። ከዚያ የቱቦውን ጫፍ ጠርጋችሁ በአፋችሁ ሳቡና በምላሳችሁ ድፈኑት። መርፌዋ ባለችበት ከቆየች ዕቃው ደህና ነው። ቀስ ብላ ከተመለሰች አየር ያስገባልና ሌላ አስመጡ። ሻጮቹ አይከፋቸውም። የብረት ፊት ያለው ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ የፊቱም ስፋት ትልቅ ቢሆን መርፌዋን ለማየት ይመቻል።

ካርቡራተር ያለው ዲኤክስም ሆነ ኢንጀክሽን ያላት ቪትዝ ብትነዱ ይሠራላችኋል። የናፍጣ መኪና ያላችሁ ግን አትግዙት። አብዛኛው የናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያንቅበት ትሮትል ስለሌለው ማኒፎልዱ ውስጥ የሚለካ ቫኪዩም አይኖርም።